ለጉድጓድ ፓምፕ የቱ መቆጣጠሪያ ይሻላል? ለጎንደር ገዢዎች

ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ፓምፑን ሲመርጥ አገር ምድሩን ይጠይቃል። ፓምፑን የሚያስነሳውንና የሚያጠፋውን መቆጣጠሪያ ግን ሻጩ የሰጠውን ይዞ ይሄዳል። በዚህች ቁጠባ ስንት ሞተር ይቃጠላል!

ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሞተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው በሚያልፈው ውሃ ነው። በበጋ የጉድጓዱ ውሃ ይወርዳል። በተለይ ለጥምቀት ሆቴሎች ሲሞሉ ፓምፑ ዕረፍት የለውም። አየር መሳብ ከጀመረ ሞተሩ ይግላል፣ በውሃ የሚለሰልሱት ክፍሎችም ይበላሉ። ስለዚህ «ስንት መብራት ይቆጥባል?» ከማለታችሁ በፊት «ውሃ ሲያልቅ ያጠፋልኛል ወይ?» በሉ።

ተንሳፋፊ ወይስ ኤሌክትሮድ?

ተንሳፋፊው ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ ነው፤ ርካሽ ነው። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን ያጠፋል፣ ሲጎድል ያስነሳል። በእጅ በተቆፈረ ሰፊ ጉድጓድም ይሠራል። በማሽን በተቆፈረ ጠባብ ጉድጓድ ግን መንቀሳቀሻ ቦታ ስለማያገኝ አይሆንም።

ለጠባቡ ጉድጓድ ኤሌክትሮድ አለ፤ በሽቦ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ውሃ መኖሩን የሚለይ ብረት ነው። ውሃው ከጫፉ በታች ሲወርድ ፓምፑ ይቆማል። ችግሩ ማዕድን የበዛበት ውሃ ይጋግርበታል። ፓምፑ ለጥገና ሲወጣም ሽቦው ይጠላለፋል፣ ይበጠሳል።

ጭነት የሚያነብ መቆጣጠሪያ

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ጉድጓድ ውስጥ ምንም አይገባም። ከላይ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ሞተሩ የሚወስደውን ኃይል ያነባል። ውሃ ሲጎድል የሞተሩ ጭነት ይቀንሳል፤ መሣሪያው ይህን አይቶ ያጠፋዋል። ከዚያ ጉድጓዱ እስኪያገግም፣ ለምሳሌ 30 ደቂቃ፣ ጠብቆ ያስነሳዋል። በነዳጅ ጉድጓዶች ያሉት ከፍ ዝቅ የሚሉ ፓምፖችም በተመሳሳይ ሐሳብ ነው የሚጠበቁት፤ መቆጣጠሪያው በዘንጉ ላይ ያለውን ጭነት እያነበበ ፓምፑ በደንብ ካልሞላ ያቆመዋል።

ስትገዙ አንድ ነገር ለዩ። አንዳንዱ አምፔር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት) ብቻ ያነባል። ባለአንድ ፌዝ ሞተር ላይ ውሃ ሲያልቅ አምፔሩ ብዙም ላይወርድ ይችላል፤ የመስመሩ ቮልቴጅ ሲዋዥቅም ይታለላል። ትክክለኛውን ኃይል በዋት የሚለካው ይሻላል፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም። ሞተራችሁ ባለሦስት ፌዝ ከሆነ አንዱ ፌዝ ሲጠፋ የሚያቆም፣ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ የሚታገስ ይሁን።

ኢንቨርተርስ?

ኢንቨርተር የሞተሩን ፍጥነት ይቀይራል። ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው 5 እስከ 7 እጥፍ አምፔር ይስባል፤ ኢንቨርተር ግን ቀስ አድርጎ ያስነሳዋል። መስመሩ ደካማ በሆነበት ሰፈር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሶላር ለምትሠሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የግድ ነው።

ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብትቀንሱ ፍጆታው በግማሽ ያህል ይወርዳል የሚለውን ግን ለጥልቅ ጉድጓድ አትመኑት። ስሌቱ እውነት የሚሆነው ውሃው ወደ ላይ የሚወጣበት ከፍታ ጥቂት ሲሆን ነው። ከጥልቅ ስታወጡ ፍጥነቱ ከተወሰነ በታች ከወረደ ጭራሽ ውሃ አይመጣም።

ከፍታችንንም አትርሱ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አብዛኛው ኢንቨርተር ሙሉ አቅሙ የሚሰላው ግን እስከ 1,000 ሜትር ነው። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙ ይደክማል፤ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ግዙ።

በስልክ የሚታዘዝ

ሲም ካርድ የሚገባበት መሣሪያ ፓምፑ ሲቆም መልእክት ይልካል፣ ከሩቅም ያስነሳል። ደምቢያ ላይ መስኖ ኖሮት ከተማ ለሚኖር ሰው እፎይታ ነው። ፓምፑ ግቢው ውስጥ ላለ ሰው ግን ገንዘቡ ጭነት ለሚያነበው ቢውል ይሻላል። ስልኩ ያሳውቃል እንጂ በራሱ ሞተሩን አያድንም።

ከከተማ ውሃ ተቀብሎ ሮቶ ለሚሞላ ቤት ተንሳፋፊው ይበቃል። ጉድጓድ ላላችሁ ግን ተንሳፋፊ ለሮቶው፣ ጭነት አንባቢ ለጉድጓዱ፣ ሁለቱን አብራችሁ አስገጥሙ። ባለሙያው ከመሄዱ በፊት የመውጫውን ቫልቭ ለአፍታ ይዝጋው። መሣሪያው ጭነቱ መቀነሱን አይቶ ፓምፑን ካላጠፋ በትክክል አልተስተካከለም፤ እስኪስተካከል ቀሪ ሂሳብ አትክፈሉ።