የ120 ሰዓት የኦንላይን ቴፍል ኮርስ ለሐዋሳ መምህር

ውጭ አገር እንግሊዝኛ ለማስተማር ለሚያስብ የሐዋሳ መምህር፣ ይህ የቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር) ኮርስ በትምህርት ዕቅድ አወጣጥ ጎበዝ ነው። ስለ ሥራ ጫና ግን የሚያወራው ለይስሙላ ነው። ውሉ ላይ «በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ» ሲባል መጠየቅ ያለበት ስንት የተለያየ ዝግጅት እንዳለው ነው። እዚህ አንድ ዕቅድ አምስት ሴክሽን ይዞራል፤ እዚያ፣ በተለይ በግል የቋንቋ ማዕከል፣ አምስቱም ክፍሎች ደረጃቸው ሊለያይ ይችላል። ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 30 ደቂቃ ዝግጅት ቢያዝ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ያውም ያለ እርማት።

የእርማቱ ምዕራፍ ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። 30 ድርሰት በ5 ደቂቃ ሲታረም 2 ሰዓት ተኩል ይበላል። የሚያስተምረው ዘዴ ስህተቱን ከማስተካከል ይልቅ ከሥሩ አስምሮ የስህተቱን ዓይነት በምልክት ማመልከት (የግስ ጊዜ፣ ስፔሊንግ፣ የቃላት ቅደም ተከተል)፣ ከዚያ ተማሪው ራሱ እንዲያርም መመለስ ነው። ምልክቶቹ ከስድስት ከበለጡ ተማሪው ግራ ይጋባል።

የኮርሱ ትልቁ ጉድለት እውነተኛ ተማሪ ፊት አለማቆሙ ነው፤ ሴልታ (የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ማስተማር ሰርተፊኬት) ግን 6 ሰዓት የተገመገመ ማስተማር ይጠይቃል። ከመክፈል በፊት ደግሞ የቪዛውን ሕግ ማየት ያስፈልጋል፦ የደቡብ ኮሪያ ኢ-2 (የቋንቋ መምህራን) ቪዛ ለእንግሊዝኛ መምህርነት በዋናነት ለሰባት እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ዜጎች የሚሰጥ ስለሆነ፣ ሰርተፊኬቱ የፓስፖርቱን ጉዳይ አይፈታም።