ኤፕሰን ኤል 8050፦ በስክሪን የታየውን ፎቶ በቤት ውስጥ በወረቀት ለማግኘት

ኤፕሰን ኤል 8050 በኤ4 ወረቀት የሚያትም፣ ቀለሙ ከጠርሙስ ወደ ታንክ የሚሞላ የፎቶ ፕሪንተር ነው። በሲዲና በፕላስቲክ ካርድ ላይም ስለሚያትም ለመታወቂያ ሥራ የሚገዙት አሉ። እኔ ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ የምጠቀምበት ለቤተሰብና ለአገር ፎቶ ስለሆነ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በኮምፒውተሩ ስክሪን አይቼ የወደድኩት ፎቶ በወረቀት ላይ ያው ሆኖ ይወጣል ወይ? መልሴ አዎን፣ ይወጣል ነው። ሆኖም ፕሪንተሩ የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው የሚሠራው፤ የቀረው ግማሽ በስክሪኑ፣ በወረቀቱና በባለቤቱ እጅ ነው።

ስለ ፕሪንተሩ አስቀድሜ ልናገር። ስድስት ቀለም አለው፤ ከተለመዱት ከጥቁር፣ ከሳያን (ውኃ ሰማያዊ)፣ ከማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) እና ከቢጫ በተጨማሪ ፈዛዛ ሳያንና ፈዛዛ ማጀንታ ተጨምረውበታል። ባለ አራት ቀለም ፕሪንተር ቀለል ያለ ቦታን ለማተም ደማቁን ነጠብጣብ አራርቆ መርጨት ስላለበት የፊት ቆዳና ሰማይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላሉ። ይህኛው ግን ፈዛዛውን ቀለም ስለሚጠቀም ነጠብጣቡ ለዓይን አይታይም። ከአንኮበር ከፍታ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲታይ ተራራው በተራራ ላይ እየሳሳ በጭጋግ ውስጥ የሚጠፋበትን ፎቶ ያነሣ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል፤ ከሰማያዊ ወደ ግራጫ የሚደረገው ሽግግር ሳይቆራረጥ ይወጣል። በጥራት በኩል እስከ 5760 በ1440 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያርፍ ነጠብጣብ) ድረስ ያትማል፤ ለዓይን ግን የቀለሞቹ ብዛት ከዚህ ቁጥር ይበልጥ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ሰዎች በቤት ያተሙትን ፎቶ አይተው በብዛት የሚያነሡት ቅሬታ «ጠቆረብኝ» የሚል ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፕሪንተሩ አይደለም። ስክሪን ራሱ ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት ግን ከክፍሉ ያገኘውን ብርሃን መልሶ ከማንጸባረቅ ያለፈ ነገር ሊያደርግ አይችልም። ብዙ ሞኒተሮች ብሩህነታቸው ወደ ላይ ሲደረግ 250 ወይም 300 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር (የስክሪን ብሩህነት መለኪያ) ይደርሳሉ፤ ለፎቶ ኅትመት የሚመከረው ግን ከ80 እስከ 120 ያለው ነው። በእንዲህ ያለ ደማቅ ስክሪን ላይ ፎቶ የሚያስተካክል ሰው ጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር ጉልህ ሆኖ ስለሚታየው ከዚያ በላይ ማብራት እንደሚያስፈልግ አይገነዘብም። መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ቀላል መንገድ አለ፤ ባዶ ነጭ ገጽ በስክሪኑ ላይ ከፍቶ፣ ፎቶው ወደፊት በሚታይበት ብርሃን ነጭ ወረቀት ከጎኑ ይዞ፣ ሁለቱ እኩል ነጭ እስኪመስሉ ድረስ ብሩህነቱን መቀነስ ነው። ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውና ብሩህነቱን በራሱ የሚለዋውጠው ሴቲንግም አብረው መጥፋት አለባቸው።

ለሙከራ የምጠቀምበት ፎቶ የመንዝ ጥቁር በርኖስ የለበሱ አባት ነጭ ጋቢ ከተከናነቡ እናት አጠገብ የተቀመጡበት ነው። በእኛ አገር ከዚህ የከበደ ፈተና ለፕሪንተር ማቅረብ የሚቻል አይመስለኝም። በርኖሱ የበግ ጸጉር ነው፤ በጥቁሩ ውስጥ የፈትሉ ሸካራነትና የእጥፋቱ መስመር አለ። ጋቢው ደግሞ ነጭ በነጭ ላይ ነው፤ ትንሽ ሰማያዊ ወይም ትንሽ ሮዝ ቢገባበት ወዲያው ይታወቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ጠይም ፊት ማጀንታ ሲበዛበት ይቀላል፣ ሳያን ሲበዛበት አመድ ይመስላል። ስክሪኑ ከተስተካከለና ትክክለኛው ወረቀት ከተመረጠ በኋላ ይህ ፕሪንተር የበርኖሱን እጥፋት አንድ በአንድ አሳይቷል፤ በጋቢው ጠርዝ ላይ ያለው የጥለት ቀጭን መስመርም አልፈሰሰም። በተራ ወረቀት ላይ ሲታተም ግን ቀለሙ ስለሚሰርግ በርኖሱ አንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር ሆኖ ይቀራል።

ወረቀቱ ይህን ያህል ከወሰነ፣ ለድራይቨሩ፣ ማለትም ፕሪንተሩን ለሚያዝዘው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የትኛው ወረቀት እንደገባ በትክክል መንገር ግዴታ ነው። አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት አስገብቶ «ፕሌን ፔፐር» (ተራ ወረቀት) የሚለውን ምርጫ እንዳለ መተው ፎቶውን ያፈዝዘዋል፤ ድራይቨሩ የሚረጨውን የቀለም መጠን የሚወስነው በዚህ ምርጫ ነውና። ሁለተኛው ጉዳይ የአይሲሲ ፕሮፋይል ነው። ፕሮፋይል ማለት አንድ ፕሪንተር በአንድ ዓይነት ቀለምና በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ቀለም እንዴት እንደሚያወጣው የሚገልጽ ፋይል ነው፤ አሠራሩን ያወጣው ዓለም አቀፍ የቀለም ጥምረት (አይሲሲ) የተመሠረተው በ1993 ነው። እንደ ፎቶሾፕ ወይም ላይትሩም ያለ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በፕሮፋይሉ ተጠቅሞ ቀለሙን እንዲያስተካክል ከታዘዘ፣ በድራይቨሩ የቀለም ማስተካከያ ውስጥ «ኖ ከለር አድጀስትመንት» (ቀለም አታስተካክል) መመረጥ አለበት። ሁለቱም ሲያስተካክሉ ፊት ይቀላል፤ ሁለቱም ሲተዉት ደግሞ ፎቶው ሕይወት ያጣል። ይህን ሁሉ የማይፈልግ ሰው ፎቶውን በኤስአርጂቢ አስቀምጦ ማስተካከሉን ለድራይቨሩ ቢተው ጥሩ ውጤት ያገኛል፤ ኤስአርጂቢ በ1996 በኤችፒና በማይክሮሶፍት የቀረበ፣ አብዛኞቹ ስክሪኖችና ስልኮች የሚከተሉት የቀለም መለኪያ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የማይገጥሙ ቀለሞች መኖራቸውን ገዢ ሊያውቅ ይገባል። ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ደምሮ የሚያወጣቸው እጅግ የደመቁ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለሞች በቀለምና በወረቀት አይደረስባቸውም። ስለዚህ በቀሚስ ጥበብ ላይ ያለው የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ በወረቀት ላይ ትንሽ ሰክኖ ይወጣል። በአንጻሩ የመስከረም አደይ አበባ ቢጫ በጥሩ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ሲታተም ከስክሪኑ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ጥሩ የኢንክጄት ቀለም በቢጫና በሳያን በኩል ከኤስአርጂቢ አልፎ ሊሄድ ይችላልና። የትኛው ቀለም እንደሚሰክን ከማተም በፊት ለማወቅ ኅትመቱ ምን እንደሚመስል በስክሪን ላይ የሚያሳይ «ሶፍት ፕሩፍ» የሚባል አገልግሎት አለ፤ በነጻ በሚገኘው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በጊምፕ ውስጥም ስላለ ሳይጠቀሙበት ውድ ወረቀት ማበላሸት አይገባም።

የታተመውን ፎቶ የት እንደምናየውም ፍርዱን ይለውጣል። በቢጫ አምፖል ሥር ጋቢው ወደ ክሬም ያደላል፤ በርካሽ ኤልኢዲ ሥር ደግሞ ጠይም ፊት አረንጓዴ ሊነካው ይችላል። እኔ ከመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ነው የማየው፤ የደብረ ብርሃን ደመናማ ቀን ለዚህ የተመቸ ለስላሳ ብርሃን አለው። ቀለሙ ውኃ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ከፕሪንተሩ እንደወጣ ሳይፈረድበት እስከ ማግስቱ ማቆየት ይበጃል።

የስክሪን መለኪያ መሣሪያ ለብቻው ሲገዙት ውድ ነው። ሆኖም አንድ ስክሪን በወር አንዴ ቢለካ ስለሚበቃው፣ ፎቶ የሚያነሡ ሦስት አራት ጓደኞች አዋጥተው ስፓይደር የሚባለውን መለኪያ አንድ ቢገዙ ሁሉም ይጠቀማሉ። ግቡ ነጭ ነጥቡን (የነጩን ቀለም ልክ) 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን (ከጥቁር ወደ ነጭ ያለውን የብርሃን አወራረድ) 2.2፣ ብሩህነቱን ከላይ በጠቀስኩት ልክ ማድረግ ነው። ሁልጊዜ ለሚያትም ሰው ከአዲስ ፕሪንተር በፊት ይህን እመርጥለታለሁ።

ቀለሙንና ወረቀቱን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ቀለም የተሞላበት ፕሪንተር በኦሪጅናሉ ቀለም ተሠርቶ የመጣውን ፕሮፋይል ዋጋ ያሳጣዋል፤ ያን ጊዜ ስክሪኑን ቢያስተካክሉትም አይገጥምም። ወረቀትም እንዲሁ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው መዝለል አያዋጣም፤ ደብረ ብርሃን ላይ የተፈለገው ሲጠፋ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ግድ ስለሚሆን አንድ ዓይነት መርጦ በርከት አድርጎ መያዝ የተሻለ ነው። ፕሪንተሩ የሚጠፋው በራሱ ቁልፍ እንጂ ከሶኬት በመንቀል መሆን የለበትም፤ በቁልፉ ሲጠፋ ጭንቅላቱ ወደ ቦታው ተመልሶ ስለሚከደን አፉ አይደርቅም። በማተም ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ፣ ሲመለስ ወዲያው አብርቶ በቁልፉ ማጥፋትና ቀጥሎ ከማተም በፊት የኖዝል (ቀለም የሚረጩት ቀዳዳዎች) ምርመራ ገጽ ማውጣት ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ እንኳ የማያትም ሰው ግን ይህን ፕሪንተር እንዲገዛ አልመክርም፤ ቀለሙ ቱቦው ውስጥ ቆሞ ይቸገራል። ለእንዲህ ያለው ሰው ስክሪኑን ከላይ እንዳልኩት አደብዝዞ ፎቶውን ካስተካከለ በኋላ በኤስአርጂቢ አስቀምጦ ፎቶ ቤት ማሳጠብ ይሻለዋል፤ ሲያስረክብም ማሽኑ በራሱ የሚያደርገው የቀለም ማስተካከያ እንዲጠፋለት ይጠይቅ።