የቀን መቁጠሪያችንን አዲስ አበባ ስናሳትም፦ የቀለም ነገር

ከውጭ አገር መጥቶ አዲስ አበባ ውስጥ ባለቀለም ሥራ የሚያሳትም ሰው ከዋጋ በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ናሙናውን አይቼ ‹ይታተም› ብዬ እስክፈርም ትጠብቁኛላችሁ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ቀብዱን ይክፈል። «አያስፈልግም፣ እኛ እናውቃለን» ከተባለ ፋይሉን ይዞ ይውጣ። በዚህ ክረምት ፍራንክፈርት ላለው መረዳጃ ማኅበራችን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላሳትም ስዞር ሁለቱንም ዓይነት ማተሚያ ቤት አይቻለሁ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ለ13ቱም ወራት ፎቶ አለን፤ ለመስከረም አደይ አበባ፣ ለጥር የጎንደር ጥምቀት፣ ለየካቲት የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ፣ ለጳጉሜን የጣና ሰማያዊ። እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ዓመቱን ሙሉ አገራቸውን የሚያዩት በዚህ ወረቀት ነውና ደብዝዞ እንዲወጣ ፈጽሞ አልፈለግሁም።

መጀመሪያ የሄድኩት አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ የዲጂታል ማተሚያ ቤት ነው። ፈጣኖች ናቸው፣ አቀባበላቸውም መልካም ነው። ፎቶዎቹን ወደ ኅትመት ቀለማት ቀይሬ ላምጣ ወይ ብዬ ስጠይቅ «ችግር የለም እህቴ፣ ማሽኑ ራሱ ይቀይረዋል» አሉኝ። ማሽኑም ቀየረው። የዳሎል አረንጓዴ የደረቀ ሣር መሰለ፤ የጣና ሰማይ ወደ ወይን ጠጅ አዘነበለ። ቅሬታዬን ስነግራቸው «ስክሪን ላይ ያለው ወረቀት ላይ አይወጣም» የሚል መልስ ሰጡኝ።

ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ስክሪን ቀለምን የሚሠራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በመደመር ነው። ማተሚያ ማሽን ግን ብርሃን የለውም፤ ያሉት ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር የተባሉ ቀለሞች ሲሆኑ፣ እነርሱም በተደራረቡ ቁጥር ወረቀቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ይውጣሉ። ስለዚህ በጣም ያበራ አረንጓዴ፣ ደማቅ ብርቱካናማና ጥልቅ ሰማያዊ ሲታተሙ ከብሩህነታቸው የሚቀንስ ነገር መኖሩ አይቀርም። ጥያቄው የሚቀነሰውን ማን ይምረጥ የሚለው ነው። ለማሽኑ ከተተወ ያለ ርኅራኄ ይቆርጠዋል። ዓይን ያለው ባለሙያ ከያዘው ግን ፎቶው ሕይወቱን እንደያዘ ይወጣል።

ጎተራ አካባቢ ያለው የኦፍሴት (ፕሌት በተባለ የብረት ገጽ የሚያትም) ማተሚያ ቤት ይህን አሳይቶኛል። ዲዛይነሯ ወጣት ናት። ፋይሉን ከመክፈቷ በፊት የጠየቀችኝ ስለ ወረቀቱ ነበር፤ ያልተቀባ (ላዩ ለስላሳ ሽፋን የሌለው) ወረቀት ቀለሙን ወደ ውስጥ መጥጦ ያደበዝዘዋል፣ የተቀባው አርት ፔፐር ግን ከላዩ ያስቀረዋል። ባለ150 ግራም አንጸባራቂ አርት ፔፐር ላይ ስንስማማ ፎግራ 39 የተባለውን የቀለም ፕሮፋይል (ቀለሞቹ በዚያ ዓይነት ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚወጡ የሚገልጽ ፋይል) መረጠች። ጀርመን ውስጥ የለመድኩት፣ ለተቀባ ወረቀት የተዘጋጀ ፕሮፋይል ስለሆነ ልቤ ረጋ።

ከዚያ እያንዳንዱን ፎቶ በየተራ ያዘች። ከአደይ አበባው ቢጫ ውስጥ ሲያኑን አወጣች፤ ጥቂት እንኳ ከቀረ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይቆሽሻል። ከሣሩ አረንጓዴ ማጀንታውን ቀነሰች። ለጣና ሰማያዊ ማጀንታውን ከሲያኑ ቢያንስ በ30 ነጥብ ዝቅ አደረገችው፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ ነው ወይን ጠጅ የሚመጣው። ከሁሉ ያስደነቀኝ የዳሎል ፎቶ ነው። አረንጓዴውን ማድመቅ እንደማይቻል ታውቃለች፤ ስለዚህ በዙሪያው ያለውን ጨው ባዶ ወረቀት እስኪሆን ድረስ አነጣችው፣ ቡናማውን ድንጋይ ደግሞ በጥቂቱ አጠቆረችው። አረንጓዴው ሳይነካ አበራ። ይህን ያህል የሚያስብ ሰው ፍራንክፈርት ውስጥም በቀላሉ አላገኘሁም።

ለጽሑፉም ተጠንቅቃለች። የግዕዝ ቁጥሮች ቀጭን መስመር ስላላቸው በ100 በመቶ ጥቁር ብቻ እንዲታተሙ አደረገች። ከአራቱ ቀለሞች ተደባልቀው ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ሲንሸራተት ፩ እና ፪ ባለቀለም ጥላ ያወጡ ነበር። ፊደሎቹንም ወደ ቅርጽ ቀይራ ስለላከች የትም ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሆነው አይታዩም።

በኅትመቱ ቀን ማሽኑ ዘንድ እንድገኝ ጋበዙኝ። ኦፕሬተሩን ጋሼ እያልኩ አጠገባቸው ቆምኩ። የመጀመሪያውን ወረቀት ወስደው በአዳራሹ መብራት ሳይሆን በመስኮቱ ብርሃን አሳዩኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ልፈርም ስል «ልጄ፣ እርጥብ ቀለም ያታልላል፤ ሲደርቅ ትንሽ ይወርዳል» ብለው ቢጫውን በጥቂቱ ከፈቱት። ከዚያ በኋላ ነው «ይታተም» ብዬ የፈረምኩት።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ከተባለው ቀን ዘግይተዋል። የሽፋኑን ላሚኔሽን (ከላይ የሚለበጠውን ስስ ፕላስቲክ) ማት፣ ማለትም የማያንጸባርቅ፣ እንዲሆን መክረውኝ ነበር፤ እኔ ግን እምቢ ብያለሁ፣ እናንተም እምቢ በሉ። ማት ብርሃኑን ስለሚበትን ጥቁሩን ግራጫ፣ ቀዩን ፈዛዛ ያስመስለዋል። ዋጋውም የሚጸናው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ ፕሌቱም ከውጭ የሚገቡ ናቸውና አልፈርድባቸውም። 50 ቅጂ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ኦፍሴት አያዋጣም፣ ፕሌቱና ዝግጅቱ ብቻ ዋጋውን ይሰቅለዋልና። እርሱ ናሙና የሚያሳይ ዲጂታል ቤት ይፈልግ።

ከቀን መቁጠሪያው ሌላ መገናኛ አካባቢ ያሳተምኩት ባነር በማግስቱ ደርሷል፣ ደማቅም ነው። ባነር ከርቀት ስለሚታይ እንደ መጽሐፍ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) አይጠይቅም፤ 100 ይበቃል።

ከመምጣታችሁ በፊት ቤታችሁ ሆናችሁ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጉ፣ ፎቶሾፕ ላይም የኅትመት ቅድመ እይታውንና የቀለም ክልል ማስጠንቀቂያውን (Gamut Warning) ከፍታችሁ ፎቶዎቻችሁን ተመልከቱ፤ ማስጠንቀቂያው በኅትመት ሊወጡ የማይችሉ ቀለሞች ያሉባቸውን ቦታዎች በግራጫ ያሳያችኋል። ትእዛዙን በሐምሌ ስጡ፤ ነሐሴ ሲጋመስ ማተሚያ ቤቶቹ በአዲስ ዓመት ሥራ ይጨናነቃሉ። ዋጋው 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ መሆኑንም ፕሮፎርማው ላይ አስጽፉ።