አዳማ ላይ ሊኑክስ የገባው ሰው ለምትፈልጉ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ እንደምታውቁኝ እኔ ሰው ቶሎ አላመሰግንም፣ ይሄን ልጅ ግን ዝም ብዬ ባልፈው ግፍ ነው።

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ያለችኝን ትንሽዬ ስቱዲዮ ታውቋታላችሁ፣ ላይቭ የምናስተላልፍበት ማሽን ሊኑክስ ነው (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሲስተም)፣ ድምፁን የሚያቀናብረው ፕሮግራም ደግሞ ዶከር ኮንቴነር ውስጥ ነው ያለው፣ ፕሮግራሙን ከሌላው ለይቶ የሚያስቀምጥ ሳጥን በሉት። ሁለት ወር ሙሉ ድምፁ ቅጭ ቅጭ እያለ ሰው ፊት አዋረደኝ፣ ቪዲዮ ኮፒ ሲደረግማ ጭራሽ ይቆራረጣል። ማሽኑን የገጠመልኝ ሰውዬ «ደክሟል፣ አዲስ ይግዙ» ብሎ ብር ተቀብሎኝ ሄደ።

ይሄኛው ገና ቁጭ እንዳለ የድምፁን ትሬድ (ፕሮግራሙ ውስጥ ድምፁን የሚሠራውን ክፍል) ሪል ታይም፣ ማለትም ከሌላው ሥራ ቅድሚያ የሚያገኝ ሊያደርገው ሞከረ፣ ማሽኑ «ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ»፣ አይፈቀድም አለ። ኮንቴነር ሲነሳ ሲስ ናይስ የሚባለው፣ ቅድሚያ ለመቀየር የሚያስፈልገው ፈቃድ የለውም ብሎ ጨመረለት፣ አርቲ ፕራዮ የሚባለውን የሪል ታይም ቅድሚያ ገደብ (ዩሊሚት) ከፈተ፣ አሁንም እምቢ። «በቃ ፕሪቪሌጅድ አድርገውና፣ ሁሉንም ፈቃድ ስጠውና እንገላገል» ስለው ሳቀብኝ፣ «ጋሼ፣ ቧንቧ ሊጠግን ለመጣ ሰው የመኝታ ቤት ቁልፍ ይሰጣሉ እንዴ?» ደግሞ ፕሪቪሌጅድ ብናደርገውም አይሠራም ነበር።

ለካ ጉዱ ከርነሉ (የሊኑክሱ ልብ) ጋ ነው። የድሮው ሰውዬ ራሱ ኮምፓይል አድርጎ ሲጭነው የሪል ታይም ጊዜን በሲግሩፕ (ፕሮግራሞች በቡድን በቡድን የሚመደቡበት) የሚያከፋፍለውን ነገር አብርቶታል፣ የኔ ኮንቴነር ድርሻ ደግሞ ዜሮ! ዜሮ ከሆነ ሩት፣ የማሽኑ ዋና አዛዥ ብትሆንም አይሰጥህም። ደግነቱ ሲግሩፑ ቨርዥን 1 ስለሆነ ዶከሩ ላይ ማስተካከል ተቻለ። ሊኑክስ ካልነኩት ከ1 ሰከንድ 950 ሚሊሰከንዱን ነው ለሪል ታይም የሚፈቅደው፣ ቀሪዋ 50 አንዱ ፕሮግራም ቢያብድ እንኳን ገብተህ የምታስቆምባት ናት። ከዛ ላይ ለኔ ኮንቴነር 500 ቆረሰለት፣ ፕራዮሪቲውንም (የቅድሚያ ቁጥሩን) የመጨረሻውን 99 ሳይሆን 70 አደረገው፣ ያውም ለድምፁ ትሬድ ብቻ፣ የከርነሉን የራሱን ሥራ ማነቅ የለብንም ብሎ።

ሂሳብ ሳይቀበል ትልቅ ቪዲዮ ኮፒ አስጀመረና ሄድሴት አድርጎ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማ፣ በዛ የአዳማ ሙቀት፣ ድምፅ እንዳይረብሸው ፋኑን አጥፍቶ። አንዴም ቅጭ አላለም። የቀየረውን ሁሉ የኮንቴነሩ ማስተካከያ የሚጻፍበት ኮምፖዝ ፋይል ላይ ከየመስመሩ ጎን በአማርኛ ጽፎልኝ ሄደ፣ ይሄን ማን ያደርጋል?

የምትፈልጉት ኢንቦክስ በሉኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ግን አትደውሉለት፣ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ እስከ አምስት ሰዓት ይተኛል።