የተቃጠለ ዉፈር፦ ማስጠቅለል፣ አዲስ መግዛት ወይስ ያገለገለ መፈለግ?

"ስፒከሬ ተቃጠለ፤ ምን ላድርግ?" በዚህ ዓመት ብቻ አምስት ሰው ጠይቆኛል። አንዷ አክስቴ ናት። አንዱ አዘዞ ያለ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ሁሉም ቤት ያለው ዕቃ ተመሳሳይ ነው፤ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ሳጥን ያለው የድሮ የጃፓን ቴፕ። ቴፑ ይሠራል። አንዱ ሳጥን ግን ወይ ዝም ብሏል ወይ ይንኮሻኮሻል።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ማግኔቱ ካልተነቃነቀና ድምፅ የሚያወጣው ሾጣጣ ወረቀት ካልተቀደደ ዉፈሩን፣ ማለትም ባሱን የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር፣ አስጠቅልሉት፤ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል (ኮይል) በአዲስ ሽቦ ይሠራ። ርካሹን አዲስ ዉፈር አትግዙ። ይህን የተማርኩት ገንዘቤን ከስክሼ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የአባቴ ቴፕ የግራው ዉፈር ተቃጠለ። ጥምቀት እየደረሰ ነበር። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ እንግዳ የማይገባበት ቤት የለም። ስለዚህ ቸኮልኩ። አራዳ ሄጄ አዲስ 8 ኢንች ዉፈር ጠየቅኩ። ባለ ሱቁ 2,600 ብር አለኝ። ተከራክሬ በ2,200 ወሰድኩት። ከኋላው የታወቀ ስምና "300 ዋት" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ሦስት ሳምንት ሠራ። የከተራ ዕለት ማታ እንግዶቹ እራት ላይ እያሉ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ዉፈሩ አበቃለት። ቴፑም አብሮ ጠፋ።

በማግስቱ ፈታሁት። ማግኔት የመሰለኝ ጥቁር ነገር የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲነሳ ውስጡ ያለው ማግኔት ከሲኒ ማስቀመጫ አይበልጥም። ሁለቱንም ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። የድሮው ዉፈር 1.4 ኪሎ ሆነ። አዲሱ 620 ግራም። ከዚያ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ኦሙን፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም፣ ለካሁት። ከኋላው የተለጠፈው ወረቀት 8 ኦም ይላል፤ ቴስተሩ ግን 3.4 አሳየኝ። ቴስተር ከስፒከሩ ኦም ትንሽ ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ይህ የ4 ኦም ስፒከር ነው። የአባቴ ቴፕ የሚፈልገው 6 ኦም ነው። ኦሙ ሲያንስ ቴፑ ከአቅሙ በላይ ኃይል ይሰጣል፤ የማጉያው አይሲ (ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ) ይግላል፤ በመጨረሻ ይነዳል። የእኛ ቴፕ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ሱቁ "የተቃጠለ ዕቃ አይመለስም" አለኝ። ለዉፈሩ 2,200፣ አይሲ ለማስቀየር 850፤ በድምሩ 3,050 ብር ወጣ። ሳጥኑ ግን አሁንም ዝም እንዳለ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የድሮውን ዉፈር ይዤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ አሮጌ ጥገና ቤት የሄድኩት። ጠጋኙ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ዉፈሩን አገላብጠው አዩት፤ ማግኔቱን በአውራ ጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት።

"ጋሼ፣ ይድናል?"

"ብረቱ ጤነኛ ነው፤ ይድናል ልጄ። ዛሬ ይድረስልኝ ካልከኝ ግን ሌላ ቦታ ውሰደው። ሙጫው ማደር አለበት።"

1,000 ብር ጠየቁኝ፤ በ900 ተስማማን። ሁለት ቀን ወሰደ። ከቀኙ ዉፈር ጋር አስተያይቼ ለካሁት። ቀኙ 5.1 ኦም ነው፤ የተጠቀለለው 5.3። እስካሁን እየሠራ ነው። ባሱ ድሮ የምናውቀው ባስ ነው፤ ምክንያቱም ማግኔቱም ወረቀቱም የራሱ ናቸው። ሳጥኑ የተሠራው ለዚያ ዉፈር ተለክቶ ነው። ሌላ ስታስገቡበት ቀዳዳው ቢገጥም እንኳ ባሱ ወይ ይደርቃል ወይ ይጮኻል።

ግን ዉፈር የሚጠቀልል ሁሉ አንድ አይደለም። የአዘዞው ጓደኛዬ 600 ብር ከፍሎ አስጠቅልሎ በሁለት ወሩ ተቃጠለበት። ስንከፍተው ሽቦው የተጠቀለለው በደብተር ሽፋን ላይ ነው። ኮይሉ ሲሠራ በጣም ይግላል። የሚጠቀለልበት ቱቦ ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም መሆን አለበት። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ሽቦው ከድሮው ጋር እኩል ውፍረት አለው ወይ? ከወፈረ ማግኔቱ መሃል ያለው ክፍተት ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም እየፋቀ ይንኮሻኮሻል። ሙጫው ምንድን ነው? ቶሎ የሚደርቀው ሱፐር ግሉ ለዚህ አይሆንም፤ ደርቆ ይሰባበራል። ክፍተቱ ውስጥ የገባ የብረት ብናኝስ በፕላስተር እየተለጠፈ ወጥቷል ወይ? እኔ የሄድኩባቸው ሰው ኮይሉን መሃል የሚያስይዙት ከራጅ ፊልም በተቆረጡ ቀጫጭን ቁራጮች ነው። አራት ቦታ ይሰኩታል፤ ሙጫው ሲደርቅ ይነቅሉታል። እንዲህ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ 300 ብር ጨምራችሁም ቢሆን ለእሱ ስጡ።

ያገለገለ ኦሪጅናል መግዛት ሦስተኛው መንገድ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ዋጋው ነው ችግሩ። ለአክስቴ ስጠይቅ ከመርካቶ አንዱን 3,000 ብር አሉኝ፤ በአውቶቡስ ለመላክ 250። በዚህ ገንዘብ ሦስት ዉፈር ይጠቀለላል። ደግሞ ያገለገለው ዉፈር የእናንተን ያህል ያረጀ ነው። የወረቀቱ ዳር ዳር ፎም (ስፖንጅ መሰል ነገር) ከሆነ በዕድሜ ብዛት ራሱን በራሱ ይበላል፤ በጣት ሲነኩት እንደ ቂጣ ይፈረፈራል። ዳሩ ላስቲክ ከሆነ ይሻላል። አዲስ አበባ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አልሠራም ብሎ መመለስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ የምመክረው ማግኔቱ ለተነቃነቀበት ወይም ወረቀቱ ለተቀደደበት ሰው ብቻ ነው። ብር ከመላካችሁ በፊት ቴስተር ተሰክቶበት ቁጥሩ የሚነበብ ቪዲዮ አስልኩ።

ከሁሉም በፊት ግን ዉፈሩ በእርግጥ መቃጠሉን እዩ። የአክስቴ አልተቃጠለም ነበር። ፎሙ ብቻ ነው የተበላው፤ 500 ብር ተከፍሎ ዳሩ ተቀየረ፣ አለቀ። 3,250 ብር ልታወጣ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከጀርባ ወደ ወረቀቱ የምትሄደው ተጣጣፊ ሽቦ ጫፏ ላይ ትበጠሳለች። ይህ የአምስት ደቂቃ ብየዳ ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ዉፈሩን ከሳጥኑ አውጡት፤ ሽቦውን ንቀሉት። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። የ8 ኦም ስፒከር 6 አካባቢ፣ የ6 ኦሙ 5 አካባቢ ካሳየ ኮይሉ አልተበጠሰም። ምንም ካላሳየ ወይ ኮይሉ ወይ ያቺ ተጣጣፊ ሽቦ ተበጥሳለች። ቴስተር ከሌላችሁ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ አስነኩት፤ ጤነኛው "ጧ" ብሎ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በሁለት እጅ ወረቀቱን ዙሪያውን እኩል ወደ ውስጥ ጫን አድርጉ። ከፋቀ፣ ማግኔቱም ካልተነቃነቀ፣ ብዙውን ጊዜ ኮይሉ በሙቀት ተበላሽቷል፤ ቴስተሩ ጥሩ ቁጥር ቢያሳይም መጠቅለሉ አይቀርም።

ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትዊተር፣ ላይ ምክሬ ይገለበጣል። ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ማስጠቅለሉ ልፋቱን አይመልስም። ኦሙን አስለክታችሁ አዲስ ግዙ፤ እኔ በ350 ብር ገዝቻለሁ። ከአጠገቡ ያለችውን ካፓሲተር ግን አትጣሉ። ባሱ ወደ ትዊተሩ እንዳይገባ የምታግደው እሷ ናት። ያለ እሷ ካገናኛችሁት አዲሱም ይነዳል።

ዉፈሩ ተጠግኖ ሲመጣ ወዲያው አትሰኩት። ቴፑን ክፈቱ፤ ድምፁን ዜሮ አድርጉ፤ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የስፒከሩን ሁለት መሰኪያዎች ለኩ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ሁለት ሦስት ቮልት ካሳየ ማጉያው ተበላሽቷል፤ ዉፈሩን መጀመሪያውኑ ያቃጠለው እሱ ሊሆን ይችላል። ያኔ 900 ብር የወጣበትን ዉፈር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ቴፑን ወደ ጠጋኝ ይዛችሁ ሂዱ።