ያው መኪና፣ ሁለት ዓይነት ግዢ፦ የቻይና ገበያው ቢዋይዲ ወይስ ኤክስፖርቱ?

ጥር 2016 ላይ መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ቢዋይዲ ልገዛ ነው፤ ምን ትላለህ?» እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «የቻይና ገበያውን ነው ኤክስፖርቱን?» ብዙዎቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። «ልዩነት አለው እንዴ?» የሚሉም አሉ።

አለው። የቻይና ገበያው የሚባለው ቻይናዊው ቢዋይዲ ለአገሩ ገዢ የሠራው መኪና ነው፤ ኤክስፖርቱ ለውጭ አገር ገዢ የሠራው። ሰሞኑን አንድ አስመጪ አዳዲስ መኪኖቹን ለሽያጭ ከማቅረቡ በፊት ሰው እንዲነዳቸው ጋብዞ ነበርና ሄጄ ይህንኑ ልዩነት በዓይኔ አየሁት። እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ቡና አለ፣ ኬክ አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ። መኪናው ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ሻጩ አጠገባችሁ ተቀምጦ በለሰለሰ አስፋልት አንድ ዙር ያስነዳችኋል። ከቪትዝ ለወረደ ሰው ማንኛውም የኤሌክትሪክ መኪና አውሮፕላን ነው፤ ሁሉም ፈገግ ብሎ ይወርዳል። ስለ ፍጥነቱ አልጽፍም። ሁሉም ይፈተለካሉ።

እኔ ዙሩን ጨርሼ ስክሪኑን መነካካት ጀመርኩ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። «የምረከበውም እንዲህ ነው?» አልኩት ልጁን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለሙከራ ያመጣነው የኤክስፖርቱን ነው፤ የሚሸጠው የቻይናው ነው» አለኝ። ልጁን አመሰግነዋለሁ። ሌላው ቢሆን አይናገርም ነበር።

ለማነጻጸር ዩዋን ፕላስን እንያዝ። ቻይና ውስጥ ስሙ ይኸው ነው፤ ለውጭ ገበያ ሲሠራ አቶ 3 ይባላል። ትልቁ ባትሪ በሁለቱም 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ወረቀቱን ስታዩ ግን የቻይናው 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል፤ አቶ 3 በአውሮፓ መለኪያ 420። ባትሪው አንድ፣ ቁጥሩ ሁለት። ዘጠና ኪሎ ሜትሩ የመጣው ከመኪናው ሳይሆን ከአለካኩ ነው፤ የቻይናው ፈተና ቀስ ያለ የከተማ መንዳት ይበዛበታል። ስለዚህ ደላላ «የእኔ 510፣ የኩባንያው ወኪል የሚሸጠው 420» እያለ ሲያወዳድርላችሁ ሳቁበት። እኔ ራሴ የአውሮፓውን ቁጥር ይዤ፣ ከእሱም ላይ ቀንሼ ነው የማስበው። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቻይና ወረቀት 305 የተጻፈበትን ትንሹን የቢዋይዲ መኪና፣ ሲጋልን ይዛችሁ «ይበቃኛል» ብላችሁ አትውጡ። ወደ አዳማ ስትወርዱ ቁልቁለቱ ያታልላችኋል፤ ሒሳቡ የሚመጣው ስትመለሱ ነው።

ወደ ዋጋው እንሂድ። እዚህ ላይ ምሕረት የለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ቢዋይዲ ዋጋ ሲቀንስ ሲጋል ቻይና ውስጥ ከ69,800 ዩዋን፣ ዩዋን ፕላስ ከ119,800 ዩዋን ይጀምር ነበር። ይህ የትንሹ ባትሪ ዋጋ ነው። ዶላሩን በ7.2 ዩዋን ብንይዘው ሲጋል 9,700 ዶላር፣ ዩዋን ፕላስ 16,600 ዶላር ገደማ ይሆናል። ለሒሳብ እንዲቀለን አንዱን ዶላር በ150 ብር እናባዛው። ሲጋል 1.45 ሚሊዮን፣ ዩዋን ፕላስ 2.5 ሚሊዮን ብር ግድም። መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና የታክስ ማበረታቻ ሲያወጣ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ነበር። ኤክሳይዝ፣ ቫትና ሱር ታክስ ተነሥተውለት ነበር። በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ ለሚመጣው ዜሮ። የምትገዙበትን ሳምንት መጠን ግን ከጉምሩክ ጠይቁ እንጂ ከፌስቡክ አትውሰዱ። 15 በመቶውን ስትጨምሩበት ሲጋል 1.67፣ ዩዋን ፕላስ 2.87 ሚሊዮን አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በላይ የሚጠራላችሁ ሁሉ የመርከብ፣ የጅቡቲ፣ የትራንዚት፣ የዶላር ልዩነትና የትርፍ ነው።

ይህን ስሌት ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ሂዱ። «ዘርዝርልኝ» በሉት ሻጩን። የሚዘረዝር ሻጭ ይደራደራል። የሚቆጣ ሻጭ የሚደብቀው አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «ዶላር ጨመረ» የማይል ሻጭ አላጋጠመኝም። «ዶላር ቀነሰ፣ ቀንሼልሃለሁ» ያለኝ ግን እስካሁን የለም።

ኤክስፖርቱ ይወደዳል፤ ይህን አልክድም። ሲጋል አውሮፓ ሲደርስ ዶልፊን ሰርፍ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2025 ከ22,990 ዩሮ ጀምሮ ነው የቀረበው። መኪናው ትንሽ ተለቅ ብሏል፣ የአገሩ ታክስም አለበት። ከቀሪው ውስጥ ግን የዋስትና፣ የመለዋወጫ መጋዘንና የሠለጠነ ባለሙያ ዋጋ አለበት። እኛ አገር ብዙ ሰው ይህን ገንዘብ «ለምንም» እንደሚከፍል ያስባል። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምከፍለው ለዚያ ነው።

ምክንያቱም የአጎቴ ልጅ ያንን ልዩነት አተርፋለሁ ብሎ የቻይና ገበያውን ገዛ። የሸጠለትንም የመኪናውንም ስም አልጠራም። ዜሮ ኪሎ ሜትር ተብሎ፣ የመቀመጫው ላስቲክ ሳይነሣ ተረከበ። ወሩ ሳይሞላ አንድ ጠዋት መኪናው እምቢ አለ። በሩ አይከፈት፣ ስክሪኑ አይበራ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው። የሞተችው ትንሿ ባለ 12 ቮልቷ ናት። እሷ ከሌለች ትልቁ ባትሪ ቢሞላም መኪናው አይነቃም። በመርከብና በወደብ ወራት ቆሞ የመጣ መኪና ላይ ደግሞ ይህች ባትሪ ተዳክማ ነው የምትደርሰው። ሻጩ ጋ ደወለ። «እኛ ሸጠን ጨርሰናል» አሉት። ባትሪዋ እንኳ ተገኘች። ቀጥሎ አንድ ባጃጅ የፊት መብራቱን ገጨለት። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የቪትዝ የፊት መብራት ብትጠይቁ አምስት ልጅ ይሮጥላችኋል። እሱ የራሱን ሲጠይቅ «ስልክህን ተውልን» አሉት። እስካሁን ጉዞው ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።

በኋላ አብረን የሻንሲ ቁጥሩን አነበብነው። ይህን ሁላችሁም ልመዱት። ቁጥሩ አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ነው፤ ከግራ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይነግራል። እ.ኤ.አ. 2023 ከሆነ ፒ፣ 2024 አር፣ 2025 ኤስ። የእሱ «የ2025 አዲስ» ፒ ሆኖ ተገኘ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አኃዞችም እዩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ። ከሻንሲው ጋር ካልተጣጣሙ ጠይቁ። ቻይና ውስጥ ሳይነዱ በወረቀት ብቻ ተመዝግበው «ያገለገለ» ተብለው ወደ ውጭ የሚላኩ መኪኖች መኖራቸው በአገሩ ገበያም ያነጋገረ ጉዳይ ነው። ጣጣው ደግሞ ዋስትናው ላይ ነው። ቢዋይዲ ቻይና ውስጥ ለባትሪው ሴል የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ለመጀመሪያው የግል ባለቤት ነው። ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ቻይና ያለ ነጋዴ ከሆነ እናንተ ማን ናችሁ? የቻይናው ዋስትና አዲስ አበባ ላይ ቢያዝ እንኳ ማለቴ ነው።

መሰኪያው ላይ ግን የቻይናውን አላማውም። የቻይናው ጂቢቲ የሚባለው ነው፤ ለቀስታውና ለፈጣኑ ቻርጅ ሁለት የተለያየ ቀዳዳ አለው። ኤክስፖርቱ ላይ የሚመጣው ሲሲኤስ 2 ሁለቱን አንድ ላይ ያደርጋል። እኛ ከተማ የሞላው የቻይና ገበያ መኪና ስለሆነ ጂቢቲ የያዘ ሰው አይቸገርም። እንዲያውም ኤክስፖርት የምትገዙ ሰዎች ናችሁ በየጣቢያው «ሲሲኤስ አለ?» ብላችሁ የምትጠይቁት። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አዲስ አበባ ላይ ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ከፍቷል፤ በቴሌብር ይከፈላል። ግን አብዛኞቻችሁ ቻርጅ የምታደርጉት ቤታችሁ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያ ነው።

ገበያው በፎርጅድ ተሞልቷል። ላዩ ላይ 32 አምፒር ተጽፎበት ገመዱ የቀጠነ ቻርጀር አይቻለሁ። ከጂቢቲ ወደ ሲሲኤስ የሚቀይር ርካሽ አዳፕተር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው እጅ ያቃጥላል። ከሁሉ የሚከፋው ሽቦው ነው። ለ32 አምፒር ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ያስፈልጋል። «6» ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ግን ውስጡ አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ነጭ ካወጣ መልሱለት። የኧርዝም (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) ጉዳይ አለ። ብዙ ቤት ኧርዝ የለውም፣ ወይም ለይስሙላ ነው። ደህና ቻርጀር ይህን ሲያይ ቀይ አብርቶ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ «እኔ አታልለዋለሁ» የሚል ኤሌክትሪሻን ይመጣል። ሸኙት። ኧርዙን በደንብ ማስቀበር መኪናው ላይ ካወጣችሁት ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ባለ 32 አምፒሩ ሁሉ ቤት አይገባም። በ16 አምፒር በሰዓት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ነው የሚገባው፤ ስለዚህ 60 ኪሎዋት ሰዓቱን ባዶ ካደረጋችሁት ለመሙላት ከአሥራ ሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ከኮሚቴው ጋር ተስማሙ፣ ከዚያ መኪና ምረጡ።

የስክሪኑን ነገር ባጭሩ። የቻይናው መኪና ሲም ካርዱ የቻይና ነው፤ የስልክ መተግበሪያው የቻይና ቁጥር ይፈልጋል። ቋንቋ እንቀይራለን የሚሉ ልጆች አሉ፤ የሚችሉም አሉ። ግን ማስጠንቀቂያው አንዳንዴ በቻይንኛ እንደቀረ ይቀራል። ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ «ጎማ ጎደለ» ይሁን «ባትሪ ጋለ» ሳታውቁ መንዳት ለእኔ አይመችም።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ኤክስፖርቱን ግዙ፣ ደጃፉ እዚህ ከሆነ ወኪል። የዋጋው ልዩነት ከአሥር በመቶ በታች ከሆነ ጥያቄም አያስፈልገውም። ገንዘባችሁ ትልቁን የቻይና ገበያ ወይም ትንሹን ኤክስፖርት የሚያስገዛ ከሆነ ትንሹን። ጎረቤት ምን ይላል የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጎረቤት የፊት መብራት አያመጣላችሁም። ልዩነቱ ሃያ በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ከከተማ የማትወጡ ከሆነና ቻይና ጓንጁ ከተማ ዕቃ የሚልክላችሁ ሰው ካላችሁ ብቻ የቻይናውን መግዛታችሁን እረዳለሁ። እንዲህ ያለ ዘመድ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ሙከራ ላይ ስትጋበዙ ኬኩን ብሉ፣ ከዚያ ሥራችሁን ሥሩ። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ኮብልስቶን ላይ ንዱት፤ አቶ 3 ብቻውን 1,750 ኪሎ ነው፣ ያ ሁሉ ክብደት ጎማና ጎሚኒ ላይ ነው የሚያርፈው። አራት ሰው ጭናችሁ ፍጥነት መቀነሻ ላይ ውጡ፤ ባትሪው ሆዱ ሥር ነው፣ ከነካ አሁኑኑ ይሰማ። ቻርጀሩን ራሳችሁ ሰክታችሁ ንቀሉ። ባለ 12 ቮልቷ የት እንዳለችና ስትሞት በሩ በምን እንደሚከፈት አሳዩኝ በሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የፊት መብራቱ ስንት ነው፣ በስንት ቀን ይመጣል?» እኔ በሄድኩበት ዝግጅት ሻጩ ብርም ቀንም አልጠራልኝም። «አያስቡ፣ ይመጣል» አለኝ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ውሉ ላይ «ዩዋን ፕላስ» ወይም «አቶ 3» ተብሎ ብቻ አይጻፍ። ሻንሲ ቁጥሩ፣ የመሰኪያው ዓይነት፣ የስክሪኑ ቋንቋ፣ የባትሪው መጠን በኪሎዋት ሰዓት፣ ዋስትናውን የሚሰጠው ድርጅት ስምና ማኅተም ይግባ። መኪናው ገና መርከብ ላይ ነው፣ ሻንሲውን አላወቅነውም ካሉ ቀብዱም መኪናው እስኪደርስ እናንተ ጋ ይቆይ።