ለጋሼ ያለብኝ ምስጋና (የጣሊያን ሞተር ልትገዙ ለምታስቡም ጭምር)

እሁድ ዕለት ወረታ ደርሼ ተመለስኩ። በራሴ ሞተር ሄጄ በራሴ ሞተር ተመለስኩ። አይሱዙ ላይ ተጭኜ አይደለም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ወጣሁ። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻገርኩ። 380 ሜትር ነው ይባላል፤ በሞተር ግን አንድ ጊዜ ተንፍሳችሁ ታልፉታላችሁ። ሐሙሲት ላይ ቡና ጠጣሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ የሩዙን ማሳ ዳር ዳር እያየሁ ወረታ ገባሁ። ስመለስ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ቀረሶ ጥብስ በላሁ። ሞተሩ አንዴ እንኳን አላስነጠሰም። ለሌላው ሰው ተራ እሁድ ነው። እኔ ግን ቤቴ ስደርስ ሞተሩን በጨርቅ እየጠረግኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ስለዚህ አንድ መካኒክ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው።

ስማቸውን አልጽፍም። «ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣው፤ ሰው ሲበዛ ሥራ ይበላሻል» ብለውኛል። ሰፈሩ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በመጀመሪያው ሞተሬ ነው። ጣሊያን ሠራሽ፣ ቀይ። የማን ምርት እንደሆነ አልናገርም። ሲያዩት ያፈዝዛል። የሸጠልኝ ሰው «እኛ ወኪል ነን፣ መለዋወጫው እኛ ጋ ነው፣ አንተ ዝም ብለህ ንዳ» አለኝ። ነዳሁ። አራት ወር።

ከአዲስ አበባ ስመለስ ዳንግላን እንዳለፍኩ አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ከዚያ ሞተሩ ዝም አለ። እኔና እሱ ከድንች ጆንያ ጋር አይሱዙ ላይ ተጭነን ባሕር ዳር ገባን። ወኪል ነኝ ያለኝ ሰውዬ ጋ ደወልኩ። «ላፕቶፕ የያዘ ልጅ እልክልሃለሁ» አለኝ። ከሳምንት በኋላ «ልጁ አሞታል» ሆነ። ከዚያ «ዕቃው ከጣሊያን ወጥቷል፣ ቀብድ ላክ» ተባልኩና ላክሁ። ከዚያ ስልኩ መነሳት አቆመ። ቀብዴ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ለካ ወኪልነቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ባነር ኖራለች።

የተናደደ ሰው ደግሞ አያስተውልም። ሞተሩን «ሁሉንም እንሠራለን» የሚል ሌላ ጋራዥ ወሰድኩት። ሁለት ወር ፈቱት። በሦስተኛው ወር በብስኩት ካርቶን አስረከቡኝ። እውነቴን ነው፣ በብስኩት ካርቶን። ገሚሱን ገጥመው ገሚሱን እዚያ ውስጥ ከተውት ነበር። ለብቻው በፌስታል የታሰረ ቡሎን አይቼ ምን እንደሆነ ብጠይቅ «ትርፍ ነው» አሉኝ። ፋብሪካው ቡሎን የሚመርቅ ይመስል! የፈቱበትን ሒሳብ ግን በደንብ አስከፍለውኛል።

ካርቶኑን ታቅፌ በባጃጅ ስመለስ ሹፌሩ ልጅ በመስታወት እያየ «ጋሼ ጋ አልወሰድከውም እንዴ?» አለኝ። ጋሼ ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ልጁ ሳይጠይቀኝ መንገድ ቀየረ።

የጋሼ ቤት ማንጎ ዛፍ ሥር ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት። ባነር የላትም። ደጁ ላይ ባጃጆች ተሰልፈዋል፣ የግብርና ባለሙያዎች የሚነዷት ያማሃም አለች። እሳቸው ሰባን እየተጠጉ ነው። ልጅ ሆነው አስመራ ውስጥ ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ሥር ነው ሥራ የለመዱት። ካርቶኑን ከፍተው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ለቅሶ የደረሱ ነበር የሚመስሉት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«መግጠሙን እገጥምልሃለሁ። ሞተሩ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ግን አልችልም። እችላለሁ ብልህ ብርህን መብላቴ ነው።»

በዚያ ሁሉ ወር «አልችልም» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ጋሼ ናቸው። ሌላው ሁሉ ይችል ነበር!

በሦስት ቀን ገጠሙት። ትርፍ የተባሉት ቡሎኖች በሙሉ ቦታ ተገኘላቸው። የተበላሸውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልለው «ያንተ ነው፣ ያዘው» ብለው ሰጡኝ። ሞተሩ አልተነሳም፣ እንደማይነሳም አስቀድመው ነግረውኛል። «ያለበትን ሳትደብቅ ሽጠው» አሉኝ። ያለበትን ተናግሬ ለመለዋወጫ ለሚፈልግ ሰው ሸጥኩት። ከስሬ ነው የሸጥኩት፣ ግን እንቅልፍ ተኛሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። በጋሼ ደጅ ስቀመጥ የገረመኝ ቋንቋው ነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። አገሩ ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ጣሊያንኛ ያወራል፣ የጣሊያን ሞተር ሲበላሽ ግን የሚያውቀው የለም። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው «ስሙ ቀረልን፣ ዕቃው አልመጣም» አሉና ወደ ባጃጃቸው ተመለሱ። እሷም ብትሆን ዘሯ ከዚያው ነው አሉኝ። ቬስፓን የሚሠራው ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 «አፔ» የምትባል ሦስት እግር አወጣ። አፔ ማለት ንብ ማለት ነው። የሕንዱ ባጃጅም የተነሳው ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ በመሥራት ነው።

ሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ልብ ይገዛል አይደል? እኔ አልገዛሁም። አሁንም የጣሊያን ሞተር አማረኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። አባቴ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው የተቋቋመው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። አባቴ «ጣሊያን ዕዳዋን በክር ከፈለች» እያለ ይስቅ ነበር። ማታ ከፈረቃ ሲወጣ እኔን ብስክሌቱ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ በዘንባባው መንገድ ይወስደኝ ነበር። ፀጉር ቤቱ ጋ ስንደርስ ይቆማል። ግድግዳው ላይ የጣሊያን ሞተር ፎቶ ነበረ። ያያታል፣ ከዚያ እንሄዳለን። ምንም አይልም። አባቴ ሞተር ሳይነዳ ነው የሞተው።

ይህን ለጋሼ ነግሬያቸው ነበር። አልሳቁብኝም። «እንግዲያው አብረን እንምረጥ» አሉ።

እኔ ስለ ፈረስ ጉልበት ሳወራ እሳቸው የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። ሲቆም ማን ይመጣለታል? ዕቃው በስንት ቀን ይደርሳል? ፋብሪካው ሁለት ዓመት ዋስትና ይሰጣል ብዬ ብኩራራ «ዋስትናው ባሕር ዳር ድረስ ይመጣል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ዱካቲም አወራን። እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ያለ የጣሊያኗ የቦሎኛ ከተማ ኩባንያ ነው፣ ጋሼም አያሙትም። «ጥሩ ሞተር ነው። የብዙዎቹን ቫልቭ የሚዘጋው ግን ስፕሪንግ አይደለም። እሱን ለማስተካከል የለመደ እጅ ያስፈልጋል፣ እኔ አልለመድኩትም» አሉ። ስፕሪንጉ የት እንደነበረና የት እንደሄደ አልገባኝም። የገባኝ «እኔ አልለመድኩትም» ያሉት ነው።

አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ያገለገሉ ሞተሮች አየሁ። አንዱ ደግሞ ቀይ። ልቤ ወዲያው ሄደ። ሻጩ አስነሳው፣ እኔ ለጋሼ ደወልኩ። «ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋ» አሉኝ። አስጠጋሁ። «ወደ ግራ። ትንሽ ዝቅ አድርገው። ነዳጅ ስጠው። ተወው። እንደገና።» ሻጩ «ሽማግሌ በስልክ ሞተር ያያል እንዴ?» እያለ ከደላላው ጋር ይሳሳቃል። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «አጥፋውና አመስግነህ ውጣ» አሉኝ። ምን እንደሰሙ በኋላ አስረድተውኛል፣ ደግሜ ልነግራችሁ ግን አልችልም። ያን ሞተር የገዛ ሰው ካለ ይቅናው።

ሁለተኛው ሞቶ ጉዚ ነበር፣ ቪ 7 የሚባለው። ባለቤቱ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ ሰው ነው። የሞተሩን ሰርቪስ ወረቀት አንድ በአንድ በፋይል አስቀምጧል። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁ። ጋሼ ወረቀቱን እየተረጎሙልኝ በስልክ ይስቃሉ። «ኦሊዮ አለ፣ ዘይቱን ነው። ፊልትሮ። ካንዴሌ ደግሞ እነሆ! በየጊዜው ለውጦታል፣ ይህ ሰው ሞተሩን ይወዳል።» ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ማንዴሎ ዴል ላሪዮ የምትባል ከተማ እንዳለና ከተማዋም ኮሞ ሐይቅ ዳር እንደሆነች ስነግራቸው «በል አምጣው፣ የሐይቅ ልጅ ከሆነ ጣና አይከብደውም» አሉኝ።

እንደኔ ለማይገባችሁ ሰዎች ልንገራችሁ። ሁለቱ ሲሊንደሮች በግራና በቀኝ እንደ ክርን ወጣ ብለዋል። የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፣ ራዲያተር የለውም። ሰንሰለትም የለውም፣ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ነው። ጋሼ የወደዱለት ቫልቩን ለማስተካከል ብዙ መፍታት ስለማያስፈልግ ነው። ኮምፒውተር የለውም ማለቴ አይደለም፣ አለው። ዋጋውን ደግሞ እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነበዋለች።

የመጀመሪያ ቀን ቆሜ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ወደ ጎን ገፋ አደረገኝ። ደነገጥኩ። እንደገና ተሸወድኩ ብዬ ደወልኩ። «ተፈጥሮው ነው፣ ብዙው ጉዚ እንደዚያ ያደርጋል። ሰላምታው ነው በለው» አሉኝ። የወኪል አገልግሎት ማለት ለኔ ይህ ነው። ስልክ የሚያነሳ ሰው!

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ስለ አንድ ሌሊት ልነግራችሁ ነው።

ከወር በፊት ጋሼ የኋላ ጎማውን ፈትተው ገጠሙልኝ። ማታ ወስጄው ቤት አቆምኩት። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ፣ ጋሼ ናቸው። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ለደግ አይደለም፣ ክው አልኩ። «ነገ ጠዋት ሳልመጣ እንዳታስነሳው። አንድ ቡሎን አጥብቄው ይሁን ሳላጠብቀው ልቤ አላረፈም» አሉኝ። ነገ እኔ አመጣዋለሁ ብላቸው ተቆጡ። «በሱ ላይ ሆነህ ነው የምታመጣው? ተኛ!»

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ጋቢ ለብሰው፣ መፍቻቸውን በፌስታል ይዘው በባጃጅ መጥተዋል። ባለቤቴ ቡና ላፍላ ብትል «መጀመሪያ እሱ» አሉ። እግራቸውን ያማቸዋል፣ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ቡሎኑን ሞከሩት። ጠብቋል። አንድ ጊዜ ደገሙት። ጠብቋል። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። የባጃጁን ልክፈል ብል እጄን መለሱት። «የረሳሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ለምን ትከፍላለህ?» ቡሎኑ እኮ ጠብቆ ነበር! ምንም አልረሱም!

የብስኩት ካርቶን የሰጡኝ ሰዎች እንዲያ የተፈታ ሞተር ይዤ ስወጣ ቻው እንኳን አላሉኝም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ጣሊያን ሞተር አትግዙ አልልም። ያምራል፣ እኔም ገዝቻለሁ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጋሼ ጋ ሂዱ። ባጃጅም ካላችሁ ሂዱ፣ ያማሃም ካላችሁ ሂዱ። ሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ከተማችሁ ውስጥ መኖሩን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ። እኔ አሁን የማይገኝ ዕቃ ሲያጋጥመኝ ጋሼ ቁጥሩን ጽፈው ይሰጡኛል፣ ጣሊያን ያለ ዘመድ በሰው ሻንጣ ይልክልኛል። የፍሪሲዮኑ ገመድ በሦስት ሳምንት ደርሷል። ካንዴላው መርካቶ ተገኝቷል። ጋሼ የማይችሉት ነገር ከመጣም አልችልም ይሉኛል፣ አምናቸዋለሁ።

ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ። አትቸኩሉ፣ ወረፋ አለ፣ ወንበር ግን አንድ ነው። «ጓደኛዬ ልኮኝ ነው» ብላችሁ ቅናሽ እንዳትጠይቁ፣ ዋጋቸው እንደሆነ አንድ ነው፣ እሱም ትንሽ ነው። እሁድ አትደውሉላቸው። ከቤተክርስቲያን መልስ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ዓሣ ያጠምዳሉ። እስካሁን አንድም ይዘው ሲመለሱ አላየሁም።